የእትዬ ጻይዲ አርባ ሁለት ኪሎ

እትዬ ጻይዲ ፊደል የቆጠረችው ከመሳቢያ ላይ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከገጠር መጥታ፣ በሻውሺንግ ከተማ ከድንጋዩ ድልድይ ሥር ባለው የባህል መድኃኒት ቤት ስትቀጠር አንዲት ቃል ማንበብ አትችልም ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው ፊት የሥሩ፣ የቅጠሉ፣ የልጣጩ ስም በቀለም ተጽፏል። እሷም አንዱን ሳብ ታደርግና ታሸታለች፣ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ቀና ብላ ጽሑፉን ታያለች። «ይህ የገብስ ብቅል ነው፤ እንግዲያው ይህ ጽሑፍ የገብስ ብቅል ይላል» እያለች በሁለት ዓመት ውስጥ ጋዜጣ ለማንበብ በቃች።

እኔ ትምህርት ቤት ጨርሼ፣ የመድኃኒቱን መጽሐፍ በቃሌ ወጥቼ ነበር የመጣሁት። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ቁራጭ ሥር መዳፌ ላይ አስቀመጠችና፣

«ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ስሙን ከነጥቅሙ እንደ መዝሙር አወረድኩት።

«ስሙን ደህና አድርገህ ታውቃለህ ጂዪን። ይህ ግን እሱ አይደለም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ትውውቃችን እንዲህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ቆምን፤ እሷ መዛኝ፣ እኔ አረጋጋጭ። በእኛ ሙያ አንድ ሰው የመዘነው መድኃኒት ሁለተኛ ዓይን ሳያየው አይጠቀለልም። እሷ በእጅ በምትያዘው ትንሽ ሚዛን እየለካች፣ በሐኪሙ ትእዛዝ ተራ መሠረት በወረቀቱ ላይ በትናንሽ ክምር ታስቀምጣለች። እኔ ከትእዛዙ ጋር በዓይኔ አመሳክራለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ስሕተት ያገኘሁባት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱን ደግሞ እንቅልፍ ይዞኝ እንደሆነ ለመፈተን ሆን ብላ ያደረገችው መሆኑን በኋላ ነገረችኝ።

በአገራችን አቆጣጠር በጥንቸል ዓመት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቷን ይዛ ሳለ፣ የአንጀት ካንሰር ተገኘባት። በጸደይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከዚያ ስድስት ዙር ኬሞቴራፒ ታዘዘላት። ሁለቱን ዙር ጥርሷን ነክሳ ተወጣችው። ከሦስተኛው በኋላ ግን እህል እምቢ አላት። የሩዝ ሽታ ከሩቅ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች። ሃምሳ አንድ ኪሎ የነበረችው ሴት አርባ ሦስት ገባች።

የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ዩ ወጣት ናቸው፤ ነገር አያድበሰብሱም። እኔና ባሏ ባለንበት እንዲህ አሏት፦

«የዛሬ ሃያ አንድ ቀን ለአራተኛው ዙር ይመጣሉ። ያን ጊዜ ከአርባ ሁለት ኪሎ በታች ከሆኑ መድኃኒቱን አልሰጥዎትም፤ ሰውነትዎ አይሸከመውም። ዙሩ በዘገየ ቁጥር ደግሞ በሽታው ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ይብሉ።»

«ምን ልብላ?»

«የቻሉትን ሁሉ።»

«የምችለው ምንም የለም እኮ ዶክተር» አለች እትዬ ጻይዲ፤ እንደ ቅሬታ አልነበረም፣ እንደ መረጃ ነው የነገረቻቸው።

በማግስቱ ሐኪም ታንግ ዘንድ ሄደች። ሐኪም ታንግ በሳምንት ሦስት ጠዋት በእኛ መድኃኒት ቤት ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ተቀምጠው የልብ ትርታ የሚያዳምጡ፣ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሴት ናቸው። ምላሷን አዩ፣ የእጇን አንጓ ይዘው ብዙ ቆዩ፣ ከዚያ አጭር ትእዛዝ ጻፉ። ብቅል፣ ያረጀ የመንደሪን ልጣጭ፣ ዝንጅብል፣ አሥር ግራም ደግሞ ጥንካሬ የሚሰጠው ቢጫ ሥር። በእሷ ቦታ የገባችው አዲሷ መዛኝ መዘነች፣ እኔ አረጋገጥኩ፣ ጠቀለልን። እትዬ ጻይዲ ጥቅሉን ተቀብላ በእጇ ከፍ ዝቅ አደረገችው።

«ይህ የሕፃን መድኃኒት ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ሐኪሟ ያውቃሉ» አልኩ።

ጥቅሉን ሸጉጣ ወጣች። ያን አወጣጧን ልብ ማለት ነበረብኝ።

በአራተኛው ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። ቤታቸው ከቦዩ ዳር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቀጭን መንገድ ውስጥ ነው። የሰኔው ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ግድግዳው ሁሉ ያልበዋል። ባሏ ጋሼ ገንሽዊ በጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሩዝ ጠጅ ፋብሪካ የጠጅ ጋን አፍ በጭቃ ሲመርግ የኖረ፣ ጣቶቹ አሁንም ጭቃ የያዙ የሚመስሉ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ወጥ ቤት ውስጥ አጥሚት ያማስላል። ከራሱ በላይ፣ በግድግዳው ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። በእኛ አገር የታመመ ሰው በሽታን ይቀሰቅሳል የሚባል ምግብ ሁሉ እርም ነው። ወረቀቱ ያን ይዘረዝራል፦ አውራ ዶሮ፣ ዝይ፣ ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ የባሕር ዓሣ፣ የበሬ ሥጋ፣ እንቁላል፣ የቀርከሃ ቡቃያ፣ ሐብሐብ፣ በጨው ውኃ የሰነበተ ነገር በሙሉ።

«ማን ጻፈው?» አልኩት።

«እህቴ ናት እንጂ ማን ይሆናል» አለ ጋሼ ገንሽዊ። «የተፈቀደውን ብትጽፍ ይቀላት ነበር ብያታለሁ።»

«የተፈቀደውማ አጥሚት ነው» አለች እህቱ ሺንመይ ከበሩ። ጠዋት ጠዋት ድልድዩን ተሻግራ እየመጣች ቤቱን ትቆጣጠራለች። «እሱን ለመጻፍ ወረቀት ማባከን አያስፈልግም።»

«አራት ቀን ሙሉ አጥሚት። እኔ ጤነኛው አፌ ነጣ።»

«ሳቅ ገንሽዊ፣ ሳቅ። እኔ ባሌን የቀበርኩት በአንድ ሳህን ዝይ ነው።»

ጋሼ ገንሽዊ ወደ ማማሰሉ ተመለሰ። የሺንመይ ባል ከአራት ዓመት በፊት በጉበት በሽታ ታሞ ሳለ ዝይ አምሮት ነበር፤ ሠርታ አበላችው፤ በሰባተኛው ቀን ዐረፈ። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ የታመመ ሁሉ ከሺንመይ ወረቀት አያመልጥም።

እትዬ ጻይዲ አልጋ ላይ ተደግፋ ጎድጓዳ ሳህኑን ይዛለች። ማንኪያውን ወደ አፏ ታቀርባለች፣ ትመልሳለች፣ ደግሞ ታቀርባለች።

«ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«ምስማር። ምስማር አፍልተው የሰጡኝ ይመስለኛል» አለችና ዓይኗን ጨፍና አንዱን ዋጠች። «ግን ጂዪን፣ እኔ ከአርባ ሁለት በታች አልወርድም። ዘዴ አለኝ።»

ዘዴዋን አልጠየቅኳትም። ጥፋቱ የእኔም ነው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ሥራ እየሄድኩ በቀጭኗ መንገድ አፍ ላይ የተደፋ የመድኃኒት አተላ አየሁ። ተፈልቶ ያለቀ መድኃኒት እኛ ዘንድ ከቤት ጥራጊ ጋር አይጣልም፤ ሰው በሚበዛበት መንገድ ላይ ይደፋል፣ የአላፊ አግዳሚው እግር በሽታውን ይዞት እንዲሄድ። የማን አተላ እንደሆነ አወቅሁ፤ በዚያ መንገድ ውስጥ መድኃኒት የምታፈላ ሌላ ሰው አልነበረችም። ረግጬላት ልለፍ ብዬ እግሬን አነሣሁ። ዓይኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የለመደውን ከማድረግ አልቦዘነም። እግሬን መለስኩና ቁጢጥ አልኩ።

ብቅሉ አለ። የመንደሪኑ ልጣጭ አለ። ቢጫው ሥር ግን፣ እኔ ራሴ ያረጋገጥኩት አሥር ግራም፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ቁራጭ ነበር። ጃንጥላዬን በትከሻዬ ይዤ በእንጨት እየገለጥኩ ቆጠርኩ። አርባ አለፍኩና መቁጠሬን ተውኩ። የቁራጩም አቆራረጥ የእኛ ቤት አይደለም፤ ረጅም፣ ሰያፍ፣ ውድ ዓይነት ነው።

የጎመን ቅርጫት የያዘች ሴት ከጎኔ ቆመች።

«ምን ጠፋብህ አጎቴ? ቁልፍ ነው?»

«አይ፣ ሥር ነው።»

«እንዴ፣ አትንካው። የሰው በሽታ ይዘህ እቤትህ ልትገባ ነው?» አለችና፣ እሷ ግን ደህና አድርጋ ረግጣው አለፈች።

ጥቂት ቁራጮች በመሐረቤ ቋጥሬ ወደ ቤቷ ተመለስኩ። ጋሼ ገንሽዊ በሩን ከፈተልኝ። እትዬ ጻይዲ አልጋው ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ሆዷ ከብርድ ልብሱ በላይ ተነፍቷል፣ ፊቷ ግን የሌላ ሰው እስኪመስል ሟሟል። መሐረቡን ፈትቼ ከፊቷ አስቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ከመሬት ላይ ማንበብ ማን አስተማረህ?»

«አንቺ።»

«አበጀሁ» አለች።

«ስንት ጨመርሽ?»

«መጀመሪያ ሃያ። ከዚያ ሠላሳ። የድሮው ነጋዴያችን ከሰሜን የላከልኝ ነው፣ በቆርቆሮ ተቀምጦ ነበር። እንዲህ ያለ ሥር ሱቃችን ገብቶ አያውቅም፣ ሲያኝኩት እንደ ማር ነው።»

«ሐኪም ታንግ አሥር ብለው እያለ?»

«እኔ ኪሎ ነው የምፈልገው ጂዪን። ሰው ሲደክም ጥንካሬ ይጨመርለታል። ይህን ስንት ሺህ ጊዜ መዘንኩ? ለሰው ስመዝን ኖሬ ለራሴ ልሰስት?»

«ስንት በላሽበት ታዲያ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የመለሰልኝ ባሏ ነው።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አጥሚቱንም ትታዋለች። ሆዴ ሞልቷል ትላለች። የሚሞላ ነገር አልገባም እኮ። ትናንት በሩዝ ነጋዴው ሚዛን ላይ አቆምኳት፤ አርባ ከስምንት መቶ።»

አርባ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ለሐኪሟ ደግሞ አልተነገራቸውም። በእርሷ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላደረግኩም፣ ግን ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ አንድ ሰው ባንኮኒያችን ላይ መጥቶ ‹ሐኪሙ አሥር አሉ፣ እኔ ከራሴ ሠላሳ ጨመርኩ› ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?»

«ከሱቄ ውጣ እለዋለሁ» አለች ወዲያው። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ክብደት ከሚዛን የሚገኝ መስሎኝ ነበር» አለች። ቀስ ብላ ተነሣችና ተቀመጠች። «ሂድ፣ ሐኪሟን ጥራልኝ። የምነግራቸው ግን እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። አንተ ዝም ብለህ ትቆማለህ።»

ሐኪም ታንግ ከምሳ በፊት በእግራቸው መጡ። እትዬ ጻይዲ ምንም ሳታሳንስ ነገረቻቸው፣ የሥሩን ግራም እንኳ በትክክል ጠቀሰች። ሐኪሟ እየሰሙ ምላሷን አዩ፤ ነጭ፣ ወፍራም ሽፋን ለብሷል። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

«ምድጃሽ ልትጠፋ የቀረበች ናት ጻይዲ። አንቺ ግንድ ጫንሽባት። እንዲህ ያለችው በጭራሮ ነው የምትነሣው።»

«አውቀዋለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ለሌላ ሰው ሲሆን አውቀዋለሁ።»

«እኔም ባሌ ሲታመም ሌላ ሐኪም ነው የጠራሁለት» አሉ ሐኪም ታንግ። ከዚያ ቢጫውን ሥር ጨርሰው አወጡ። ብቅሉን ቆልተው እንዲያፈሉት፣ የመንደሪኑን ልጣጭ፣ ዝንጅብሉን፣ የደረቀና የተፈጨ የዶሮ ጨጓራ ሽፋን፣ ጥቂት የኮመጠጠ ቀይ የዱር ፍሬ አዘዙ። ትእዛዙን ሁለት ጊዜ ጻፉት፤ አንዱን ለእኛ በሙያው አጻጻፍ፣ ሁለተኛውን ማንም በሚያነበው ፊደል።

«ይህ ሁለተኛው ለዶክተር ዩ ነው። እሱ ሳያየው አንዲት ጉንጭ እንዳትጠጪ። ያን ሥር ሳትነግሪው መጠጣትሽንም ትነግሪዋለሽ፤ ደምሽን ይመርምር። በሽታውን የሚዋጋው እሱ ነው። የእኔ ሥራ አፍሽን ማስከፈት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አልችልም፣ እችላለሁ የሚልሽንም እንዳትሰሚ።»

ጋሼ ገንሽዊ በዚያኑ ቀን ወሰደው። ዶክተር ዩ የዱር ፍሬውን ሰርዘው፣ ‹የደም ምርመራው እስኪታይ ይህችን ይተዉልኝ› ብለው ጽፈው መለሱት። ሐኪም ታንግ ‹ይሁን› ብለው ከእኛም ትእዛዝ ላይ ሰረዟት። ሁለቱ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ፊት ለፊት የተገናኙ አይመስለኝም።

ያን ቀን ግን ሐኪሟ ከቤቱ ከመውጣታቸው በፊት ወጥ ቤቱን አዩ፤ ወረቀቱንም አነበቡ። ሺንመይ ከወረቀቱ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ጻይዲ» አሉ ሐኪም ታንግ ወደ መኝታ ቤቱ ዞረው፣ «አፍሽ የሚያስታውሰው ነገር አለ? ምን ያምርሻል?»

«ምንም።»

«አሁን ስጠይቅሽ በበሩ በኩል ወደ ወረቀቱ አየሽ።»

እትዬ ጻይዲ እንደ ልጃገረድ ፊቷ ቀላ። «የአሉማ አገዳ» አለች። «በጨው ውኃ የሰነበተው።»

የአሉማ አገዳ፣ የዚያ እንደ ጎመን የሚበላ ቅጠል ግንድ፣ ከእኛ ከሻውሺንጎች በስተቀር ማንም የማይወደው ነገር ነው። አገዳው ተቆርጦ በማሰሮ ጨው ውኃ ውስጥ ይሰነብታል፣ ውስጡ እስኪላም፣ ሽታውም ጎረቤት እስኪጠራ ድረስ። ከዚያ በእንፋሎት ይበስላል፤ አንዷን ቁራጭ አፍ ውስጥ አድርጎ መቅኒዋን መምጠጥ ነው።

«አይሆንም» አለች ሺንመይ። «የበሰበሰ ነገር? ለእሷ? ሐኪም፣ በእርስዎ ዘንድ ሁሉም ነገር ደህና ነው ማለት ነው?»

«ሁሉም አይደለም። ጥሬ አትብላ፣ ያደረ አትብላ፣ ሸርጣኑም ይቅር። ይህን ግን የደም ምርመራዋ ደህና ከሆነ፣ ለረጅም ጊዜ በእንፋሎት በስሎ፣ ትኩስ እያለ፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ። እንቁላሉን ደግሞ ማን ከለከለው?» ብዕራቸውን አውጥተው በወረቀቱ ላይ እንቁላሉን ሰረዙ፣ ዓሣውን ሰረዙ፣ አውራ ዶሮውን ሰረዙ። ዝይው ላይ ሲደርሱ የሺንመይ እጅ ወረቀቱን ሸፈነው።

ሐኪም ታንግ ብዕራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባልሽን አውቀው ነበር ሺንመይ። ዝይውን ሲበላ ሦስት ቀን ያልጎረሰ ሰው ነበር፤ በልቶ ተኛ። ጉበቱ ከዚያ አንድ ወር በፊት ነው ያለቀው። የመጨረሻውን ደህና ምሳ ነው የሰጠሽው።»

ሺንመይ እጇን ከወረቀቱ ላይ አወረደች። ጃንጥላዋን አንሥታ ወጣች። ጋሼ ገንሽዊ ሊከተላት ሲል ሚስቱ «ተዋት» አለችው።

የደም ምርመራው በሁለተኛው ቀን ደህና ሆኖ ወጣ፣ የዱር ፍሬዋም ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በነበረው ጠዋት ሺንመይ በክዳን የተሸፈነ ትንሽ ሳህን ይዛ መጣች። በዚያ ሰፈር ምርጡ የአሉማ ጨው ውኃ የእሷ ነው፤ ከአማቷ የወረሰችው፣ በየዓመቱ እያደሰች የምታቆየው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ሊጠይቃት ግን አልደፈረም። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጀርባዋን ሰጥታ ምድጃውን መጥረግ ጀመረች።

«ሁለት ጊዜ ነው ያበሰልኩት» አለች ለምድጃው። «ከሞትሽ እኔን እንዳትወቅሺ።»

«ከሞትኩ ለመውቀስ ጊዜ አይኖረኝም» አለች እትዬ ጻይዲ።

አልጋ ላይ አልበላም አለች። ተነሥታ ልብሷን ለበሰች፣ በላዩም የመድኃኒት ቤቱን ሰማያዊ ሽርጥ አሰረች፣ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አንዷን ቁራጭ አፏ ውስጥ አድርጋ መጠጠች። ጠበቅን። አጥሚቱን አንድ ማንኪያ ጨመረች። ደግሞ አገዳ፣ ደግሞ ማንኪያ። ስድስት ማንኪያ ገባ። ሽታው ከቤቱ ወጥቶ ቦዩን ተሻገረ።

«አሁን ሰፈሩ ሁሉ ጻይዲ መብላቷን በአፍንጫው አወቀ» አለ ጋሼ ገንሽዊ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ስለነበር ዓይኑን አላየሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብላትን እንደ ሥራ ያዘችው። በየሁለት ሰዓቱ ጠረጴዛው ላይ ትቀርባለች፤ መድኃኒቱን ከግማሽ ሰዓት በፊት ትጠጣለች፤ ሽርጧን ታስራለች፤ ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን አራት ማንኪያ፣ አንዳንድ ቀን በእንፋሎት የበሰለ እንቁላል ግማሽ። የምታስመልስበት ቀን ነበር። ትወጣለች፣ አፏን ትጉመጠመጣለች፣ ተመልሳ ያንኑ ወንበር ትይዛለች። አንድ ጊዜ ለሦስተኛ ጊዜ አስመልሳ ስትመለስ፣ «እትዬ፣ ለዛሬ ይብቃሽ» አልኳት።

«አንተ ደስ ስላለህ ነው ሥራ የምትገባው?» አለችኝ። «ማንኪያውን አቀብለኝ።»

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። አብሬያቸው ሄድኩ። በሆስፒታሉ ደጃፍ ጋሼ ገንሽዊ ከኪሱ ሁለት ከባድ የመዳብ ቁልፎችና አንድ የበር መቆለፊያ አወጣ።

«ኪስሽ ውስጥ ይግቡ» አለ።

«ምንድን ናቸው?»

«ግማሽ ኪሎ። እኔ ጋን ስመርግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከጭቃው በታች ያለውን ማን ያያል?»

«ጋንህ ሲያፈስ ግን ያስታውቃል» አለችና ቁልፎቹን ወደ ኪሱ መለሰችለት። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ጫማዋን አወለቀች፣ የእጅ አምባሯን አወለቀች፣ ከኪሷም መሐረቧን እንኳ አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ።

አርባ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ።

ነርሷ ቁጥሩን አነበበች። ዶክተር ዩ ቀርበው አዩ፤ ከዚያ እትዬ ጻይዲን አዩ፤ ብዕራቸውን በጣታቸው መካከል አገላበጡ።

«ከአርባ ከስምንት መቶ ነው የተነሡት። ብዙ መጥተዋል» አሉ። «ሦስት መቶ ግራም ነው የጎደለው። ልብስዎም ቀላል ነው...»

«ልጄ፣ አርባ ሁለት ያልከኝ አንተ ነህ። ምክንያት ነበረህ አይደል?»

«ነበረኝ።»

«እንግዲያው አርባ አንድ ከሰባት መቶ ብለህ ጻፍ።»

ዶክተር ዩ ጻፉ። «አንድ ሳምንት እሰጥዎታለሁ» አሉ። «ከዚያ በላይ ግን መጠበቅ አልችልም፤ በዚያ ጊዜ ካልሞላ ይህን መድኃኒት ትተን ደካማውን እንሞክራለን። ደካማው የዚህን ያህል እንደማይሠራ አልደብቅዎትም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ ገንሽዊ ከፊታችን ፈጥኖ ሄደ። ድልድዩ ላይ ቆመ።

«ሊያሳልፍሽ ነበር። ከአፉ ወጥቶ ነበር እኮ።»

«እሱ ያሳልፈኛል። መድኃኒቱ ግን የሚገባው እሱ ውስጥ አይደለም።»

«አሁን ሳምንት ሙሉ በሽታው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል?»

«አይጠብቅም» አለች። «ስለዚህ አታቁመኝ፤ የምበላበት ሰዓት ደርሷል።»

ያ ሳምንት ከሁሉም የከበደ ነበር። ሙቀቱ ገባ፤ ዝናቡ ሲቆም ከተማው እንደ ተከደነ ድስት ታፈነ። ከእሷ ጋር ክብደት መጨመር የያዝኩት እኔ ነበርኩ ማለት እችላለሁ፣ ምክንያቱም ብቻዋን አትበላም፤ አንዱ ከጎኗ ተቀምጦ መብላት አለበት። ሺንመይ ድልድዩን በቀን አራት ጊዜ ተመላለሰች። አንድ ቀን ከትንሽ ዓሣ ጋር የበሰለ የእንቁላል ፍርፍር ይዛ መጥታ፣ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ገንጥላ ምድጃውን ለኮሰችበት። እትዬ ጻይዲ በዚያ ሳህን ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀች፤ ጨረሰችው።

በስድስተኛው ቀን ማታ ሆዷ ተገለበጠና የዕለቱን ሁሉ አጣችው። ባሏ ወለሉን ሲያጥብ እሷ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር።

«ነገ አንሂድ» አላት። «አንድ ቀን ለምነን...»

«ነገ እንሄዳለን። አሁን የቀረ አጥሚት ካለ አሙቅልኝ።»

በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሚዛኑ ላይ ወጣች። እኔ ቁጥሩን ማየት አልቻልኩም፤ ፊቷን አየሁ። እሷ ግን የሚዛኑን መርፌ እንደ ባለሙያ፣ መወዛወዙን እስኪያቆም ጠበቀችው፤ ከነርሷ በፊትም አነበበችው።

«አርባ ሁለት ከሁለት መቶ» አለች።

ነርሷ ጎንበስ ብላ አየች። «አርባ ሁለት ከሁለት መቶ» አለች እሷም።

«ሁለተኛ ዓይን አይቶታል» አለች እትዬ ጻይዲ ወደ እኔ ዞራ፣ «ይጠቅለል።»

ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰዷት። በመስኮቱ ዳር ያለ ወንበር ሰጧት፣ እጅጌዋን ሰበሰቡላት። ነርሷ የመድኃኒቱን ከረጢት ሰቅላ፣ መርፌውን አዘጋጅታ ክንዷን ስትይዝ እትዬ ጻይዲ ክንዷን ቀስ ብላ መለሰች።

«ምሳ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

«ገና ነው እማማ፣ አንድ ሰዓት ይቀረዋል። መድኃኒቱን እናስጀምርዎ፣ ከዚያ ይበላሉ።»

«ከዚያማ አልበላም፤ አውቀዋለሁ። ከዚህ በኋላ አምስት ቀን አፌ አይከፈትም።» አብራን ወደ መጣችው ሺንመይ እጇን ዘረጋች፤ ሺንመይም በጨርቅ የተጠቀለለውን ሳህን አቀበለቻት። ሩዝና የተቀቀለ ዓሣ ነበር፣ ገና ይተናል። «ልጄ፣ ተቀመጪ። ትንሽ ቆዪ ልልሽ ነው።»

ነርሷ ሰዓቷን አየች፣ ባዶ ወንበር አየች፣ ተቀመጠች። እትዬ ጻይዲም ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከዓሣው እሾኹን እየለቀመች፣ ሳትቸኩል መብላት ጀመረች።